የሼህ ይማም ምርቃት የት ገባ?

ድምፅ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? የጉንፋኑን ማለቴ አይደለም፤ እሱ በነጭ ሽንኩርት ይመለሳል ይባላል፤ ወደ ነጭ ሽንኩርቱም በኋላ እመጣለሁ። እኔ የምለው የሌላ ሰው ድምፅ፣ ያውም በአደራ የተሰጣችሁ የሽማግሌ ድምፅ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ አልወጣም ሲላችሁ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባችሁ የማያውቅ ከሆነ እንኳን ደስ ያላችሁ። በእኔ እየሳቃችሁ አንብቡ፤ እኔም አሁን አሁን መሳቅ ጀምሬያለሁ።

የምኖረው መካነ ሰላም ነው፤ ሥራዬ ሰርግ መቅረጽ። ከጓደኛዬ ከሰይድ ጋር በሽርክና የከፈትናት ቪዲዮ ቤት አለችን። ጠባብ ናት፤ ሙሽሮች ቪዲዮአቸውን ሊያዩ ሲመጡ ሙሽራው ይገባል፣ ሙሽሪት ከበር ትቆማለች። በቀኛችን መስጊዱ አለ፤ በግራችን፣ ከፍ ብሎ፣ ቤተ ክርስቲያኑ። ከሁለቱም ድምፅ ማጉያ እኩል ርቀት ላይ ስለሆንን ሰዓት ገዝተን አናውቅም። ሰይድ ሙስሊም ነው፣ እኔ ክርስቲያን። ይህ በእኛ አገር ወሬ አይሆንም፤ እናቴ ራሷ ስትምል «ወላሂ» ነው የምትለው። የነገርኳችሁ ወደፊት ስለሚያስፈልገን ነው።

ያለችን ላፕቶፕ አንዲት ስለሆነች በፈረቃ ነው የምንሠራው። ጠዋት ሰይድ ይቀመጥባታል፣ ከሰዓት እኔ። ከላፕቶፗ ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ስፒከር አለን። ስንገዛውም ማዞሪያው ወልቆ ነበር፤ ስለዚህ ድምፁን ከፍና ዝቅ ለማድረግ ፒንሳ ያስፈልጋል። ፒንሳው ደግሞ ሁልጊዜ የሚገኘው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጋሽ ሙሄ ዘንድ ነው። ልብስ ሰፊ የእኛን ፒንሳ ምን እንደሚያደርግበት እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ መጠየቅም ፈርቻለሁ፤ ምክንያቱም የለበስኩት ሱሪ የእሱ ሥራ ነው።

ታዲያ እትዬ ዘሀራ ልጃቸውን ሐያትን ሊድሩ ሆነና ሥራው ለእኛ መጣ። ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ ቀኑ ሲቃረብ የዓይን ሐኪሞች ደሴ መጥተዋል ተባለ። እትዬ ዘሀራን ደግሞ የዓይን ሞራ ከያዛቸው ቆይቷል፤ መንገድ ላይ ሰላም ሲሉኝ እንኳ መጀመሪያ «ማነህ አንተ?» ብለው ነው። ወረፋቸው የደረሰው በሰርጉ ሰሞን ሆነ። ሰው ሁሉ «እንዴት የልጅሽን ሰርግ ጥለሽ?» ቢል እሳቸው እኔን አስጠሩኝ።

«ለሰርጉ አንተ አለህ» አሉኝ፤ «ለዓይኔ ግን ማን አለው? ወረፋው ካለፈኝ አለፈኝ ነው። የልጄን መልክ ዓይኔ ሲበራ አየዋለሁ። የአባዬን ምርቃት ግን አንዲት ቃል እንዳታስቀርብኝ። እሱን ካልሰማሁ ልጄን የዳርኳት አይመስለኝም።»

እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «አብሽሩ እትዬ! ትንፋሻቸው ሳይቀር ይሰማል» አልኩ። ይቺን ቃል የተናገረው ምላሴ ዛሬም አፌ ውስጥ አለ፤ አልቆረጥኩትም።

አባታቸው ሼህ ይማም ከከላላ ወዲያ በበቅሎ መጥተው ለሰርጉ ደረሱ። የሼህ ይማምን ምርቃት ያልሰማ ሰው ምርቃት ሰማሁ ባይል ይሻለዋል። ዱዓውን ሲጀምሩ አጠገቤ ቆሞ የነበረ በግ፣ ሲጨርሱ ሳህን ላይ ሆኖ ቀርቦልኛል። ሙሽሮቹን መረቁ፣ ዘመዱን መረቁ፣ ገብሱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን፣ መንገደኛውን መረቁ። ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያው ላይ ቆሞ ስለነበር ሰይድና እኔም እጃችንን ዘርግተን ከሰው ጋር «አሚን» ስንል ዋልን። የተዘረጋ እጅ አጥፎ መሥራት ነውር ነው፤ ምርቃት ሲወርድ እጁ የታጠፈ ሰው ምን ይደርሰዋል?

ሰርጉ አለፈ። ቪዲዮው የሚታየው በሚቀጥለው እሁድ፣ በመልሱ ቀን፣ እትዬ ዘሀራ ከደሴ ሲመለሱ ነው። ዓይናቸው በደህና ተሠርቷል፤ ሐኪሙ ግን ለጊዜው ቴሌቪዥን እንዳያዩ አስጠንቅቋቸዋል። ስለዚህ ዕቅዳቸው ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው መስማት ነበር። እንግዲህ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ቪዲዮውን ያዘዙት ሰው ቪዲዮውን አያዩትም። ለእሳቸው ቪዲዮ ማለት ድምፅ ነው።

ድምፁም ጠፋ።

ሰኞ፣ ማክሰኞ ደህና ነበር፤ ዘፈኑም ሆታውም እየተሰማ ቆረጥን፣ ቀጠልን። ረቡዕ ከሰዓት ተቀምጬ የምርቃቱን ቦታ ስከፍት ሼህ ይማም አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ እጃቸውን ያነሣሉ፣ ያወርዳሉ፤ ድምፅ ግን የለም። መጀመሪያ ጆሮዬን ጠረጠርኩ። ከዚያ ገመዱን። ነቀልኩ፣ ሰካሁ፣ እፍ አልኩበት፤ ለምን እፍ እንዳልኩ አትጠይቁኝ፣ እጄ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ሲበላሽ እፍ ማለት ከልጅነቴ የመጣ ነው። ከዚያ ፒንሳውን ከጋሽ ሙሄ አምጥቼ የስፒከሩን ድምፅ እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ምንም። ላፕቶፗን አጥፍቼ አበራሁ። ጭራሽ አሳርፌያትም አየሁ፤ እኔም አብሬ አረፍኩ።

«ዋናውን ቅጂ ከካሜራው አታወጣውም?» ትሉኝ ይሆናል። ብልህ ናችሁ። የካሜራውን ካርድ ግን ደጎሎ ለነበረን ሌላ ሰርግ አጽድተነዋል፤ ላፕቶፗ ላይ ያለውም ቅጂ ቪዲዮ ከምንቆርጥባት ከኤዲቲንግ ሶፍትዌሯ በቀር ሌላ ነገር አይከፍተውም።

ኢንተርኔት ላይ ገብቼ አንድ አስተማሪ አገኘሁ። ቪዲዮውን እንደከፈትኩት የሰውየው ድምፅ ቤቱን አናወጠው፤ ስፒከሩን እስከ መጨረሻ ከፍቼው የለ! ጋሽ ሙሄ መርፌውን ይዞ እየሮጠ መጣ። ስፒከሩ እንግዲህ ደህና ነው። ከባሕር ማዶ ያለ፣ በዓይኔ አይቼው የማላውቅ ሰው ይጮህብኛል፤ አጠገቤ ቆመው የመረቁኝ ሼህ ይማም ግን አይሰሙም። አስተማሪው «የድምፅ መስመሩ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ» አለ። አየሁ፤ እውነትም ተዘግቷል! በደስታ ዘልዬ ከፈትኩት። ምንም። እንግዲያው ችግሩ እሱ አይደለም ብዬ፣ ሌላ ነገር እንዳላበላሽ እንደነበረው መልሼ ዘጋሁት።

በማግስቱ ጠዋት ሰይድ ደወለ። «እኔም ሶፍትዌሯ ላይ ከላይ ያለችውን፣ የመስመሮቹን ሁሉ ድምፅ የምትዘጋዋን ምልክት ተዘግታ አግኝቼ ከፈትኳት። ወላሂ ምንም የለም። እንደነበረች መለስኳት» አለኝ። «ጥሩ አደረግህ» አልኩት። እንዴት ያለን ጥንቁቆች እንደሆንን አያችሁ?

ስልክ የሚጠግነው ጎረቤታችን መጥቶ አየና «ቫይረስ ነው» አለ። እሱ ለሁሉም ቫይረስ ነው የሚለው፤ የጋሽ ሙሄን የስፌት መኪናም ቫይረስ ነው ብሏት ያውቃል። ላፕቶፗን አጽድቼ እንደ አዲስ ልጫንባት ሲል እጁን ይዤ አስወጣሁት።

ይሄን ጊዜ ስልኬ ጮኸ። እትዬ ዘሀራ ናቸው፣ ከደሴ።

«ልጄ፣ እስከ እሁድ መጠበቅ አቃተኝ። እስቲ የአባዬን ምርቃት ትንሽ በስልክ አሰማኝ።»

ምን ልበል? ስልኩን ወስጄ ዝም ካለው ስፒከር ላይ ደገንኩት። ሼህ ይማም ስክሪኑ ላይ እጃቸውን ያወናጭፋሉ።

«አይሰማም'ኮ» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ኔትወርክ ነው እትዬ።»

«አንተ ትሰማኛለህ፣ እኔም እሰማሃለሁ። ኔትወርኩ የተበላሸው አባዬ ላይ ብቻ ነው?»

እዚህ ላይ የሆንኩትን ስነግራችሁ ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ነው። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ አፌን በጋቢዬ ጫፍ ያዝኩና ድምፄን አወፍሬ «አላህ ያግባባችሁ፣ አላህ ያኑራችሁ» ማለት ጀመርኩ። አጠገቤ የነበረው ጋሽ ሙሄ ምንም ሳያውቅ «አሚን» አለ። እትዬ ዘሀራም አመኑኝ ብዬ ልቀጥል ስል፣

«ኧረ ያረቢ! አባዬን ጉንፋን ይዞታል!» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ዓርብ ዕለት ሌላ ዘዴ መጣልኝ። ሽማግሌው እስከ መልሱ ድረስ እዚሁ በልጃቸው ቤት ሰንብተዋል። ሄጄ እንደገና ብቀርጻቸውስ? ካሜራዬን አንጠልጥዬ ሄድኩ። ሼህ ይማም በሦስት ጋቢ ተጠቅልለው ምድጃው ዳር ተቀምጠዋል። ፊታቸው የተላጠ ነጭ ሽንኩርት በሳህን ሙሉ አለ፤ የቤቱ ሴቶች በየተራ እየገቡ «በሉ እንጂ!» ይሏቸዋል።

«ልጄ» አሉኝ ሼህ ይማም፣ «አልታመምኩም ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ዘሀራ ደውላ ድምፁ ተዘግቷል አለች አሉኝ። እኔ ስልክ አልነካሁ! ማን ነው ያወራው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! አንገቴን ደፍቼ የመጣሁበትን ተናገርኩ። «ሼህ ይማም፣ ያንን የሰርጉን ምርቃት አንድ ጊዜ ቢደግሙልኝ? እንዲያምር ብዬ ነው።»

«ምርቃት ይደገማል እንዴ?» አሉ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «የወጣ ዱዓ ወጥቷል፤ ደርሷል። አሁን ብደግመው አላህ ‹ይማም የፊተኛውን አልሰማኝም ብሎ ጠረጠረኝ› ይለኛል። በስተርጅና ከአላህ ጋር ልታጣላኝ ነው?»

ከአላህ መጣላት ደግሞ ከኤዲቲንግ ሶፍትዌር ጋር እንደመጣላት ቀላል አይደለም፤ ተውኩት። ልወጣ ስነሣ እጄን ያዙኝ። ወደ በሩ ገልመጥ አሉና ሳህኑን ወደ እኔ ገፉት። «ይልቅ እነዚያ ሳይመለሱ ይህን ብላልኝ።» በላሁ። ሁሉንም በላሁ። ጉንፋኑ የእኔ ነበርና መድኃኒቱም ለእኔ ይገባ ነበር።

ቅዳሜ፣ መልሱ ነገ ሊሆን፣ ሰይድና እኔ ፈረቃችንን ትተን አንድ ላይ ገባን። እሱ ከነጭ ሽንኩርቱ ሽታ የተነሣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የሚያናግረኝ። እትዬ ዘሀራ ዓይናቸውን ሊያሠሩ የሄዱት እኔን አምነው ነው፤ ነገ ለቴሌቪዥን ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ጆሯቸውን አቁመው ሲጠብቁ ምን ልላቸው ነው?

«ሁሉን ነክቼ አይቻለሁ» አልኩት ሰይድን። «ይኸው ይሄን መስመር ብከፍተው እንኳ…» ብዬ ከፈትኩት።

«እኔስ! ይቺን የላይኛዋን ብከፍታት እንኳ…» አለና እሱ ደግሞ በእኔ እጅ ላይ ተሻግሮ እሷን ነካት።

«አሚን በሉ!»

የሼህ ይማም ድምፅ ነው! ስፒከሩ በፒንሳ እስከ መጨረሻው እንደተከፈተ ነበር። እኛ ከወንበር ወደቅን። ውጭ መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ «አሚን!» አለ። ጋሽ ሙሄ የሚለካውን ሰው ትቶ እጁን ዘረጋ፤ የሚለካውም ሰውዬ ዘረጋ። ከወረኢሉ በጎች እየነዳ የመጣ ነጋዴ በጎቹን ለቆ ሁለት እጁን ሲዘረጋ፣ በጎቹ ወደ ስልክ ጠጋኙ ቤት ገቡ። «ቫይረስ ነው» ይበላቸዋ!

ሰይድና እኔ ተቃቅፈን ዘለልን። ከዚያ ቆም ብለን ተያየን።

«ቆይ፣ ያችን የላይኛዋን ማን ዘጋት?» አልኩ።

«እኔ ነኛ! ረቡዕ ጠዋት ሆታው እየጮኸ ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ ጀመረ። ታዲያ በቅዳሴ ላይ ላስጨፍር? ሁልጊዜ ዘግቼ ስጨርስ እከፍታታለሁ፤ ያን ቀን እናቴ ጠራችኝና ረሳሁ። መስመሩንስ ማን ዘጋው?»

«እኔ ነኝ… አዛን ነበራ! ስቀመጥ ገና አሱር ተባለ፤ የሚሰማ ነገር መኖር አለመኖሩን ሳላይ እጄ ሄዶ ዘጋው።»

ማዞሪያ ያለው ስፒከር ቢኖረን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። እሱ ለእኔ ብሎ አንዱን ዘጋ፣ እኔ ለእሱ ብዬ ሌላውን ዘጋሁ፤ እያንዳንዳችን የራሳችንን ከፍተን ስናይ የሌላው ተዘግቷል፤ ከዚያ በጨዋነት እንደነበረው እንመልሳለን። ሁለት ጨዋ ሰዎች ለአንድ ላፕቶፕ ይበዛሉ። ሆዳችንን ይዘን እየሳቅን «ከዛሬ ጀምሮ ስንዘጋ እንነጋገራለን» ብለን በየሃይማኖታችን ማልን።

እሁድ ቤቱ ሞልቷል። ሙሽሮቹ ከፊት ተቀምጠዋል። እትዬ ዘሀራ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ በሩን እያዩ ተቀምጠዋል። ሼህ ይማም ጥግ ላይ ካለው መደብ ናቸው፤ ከጉንፋናቸው ድነዋል። ላፕቶፗን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝተን ምርቃቱን ከፈትን። ጥርት ብሎ ተሰማ! እትዬ ዘሀራ መዳፋቸውን ዘርግተው ገና ከመጀመሪያዋ ቃል «አሚን» አሉ፤ ቤቱ ሁሉ ለቴሌቪዥኑ «አሚን» አለ። ሼህ ይማም ራሳቸው ሳይቀሩ እጃቸውን ዘርግተው ለገዛ ምርቃታቸው «አሚን» ይላሉ፤ በመሃል ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ደህና አድርጎ ይመርቃል ሰውዬው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ኩራቴን አትጠይቁኝ።

ልክ «ቤታችሁን እንግዳ አይራቀው» ላይ ሲደርስ አሱር ተባለ።

አዎ፣ ገምታችኋል። ቪዲዮውን አቆምኩ፤ እጄ ግን እሱ አልበቃው ብሎ በሪሞት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጭምር ዘጋ። ቤተሰቡ ለስግደት ተነሣ። ሲመለሱ «ቀጥል» ተባልኩ። ቪዲዮውን አስኬድኩ፤ ሪሞቱን ተጭኜ ድምፁን ከፈትኩ። ሼህ ይማም አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ሰይድ!» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔ ላፕቶፗ ላይ ዘግቻት ነበር! ቆይ!» ብሎ ወደ ላፕቶፗ ሮጠ። እኔም ወደዚያው ሮጥኩ። እሱ ሲከፍት እኔ ደግሜ ተጭኜ ዘጋኋት፤ እሱ ወደ ሪሞቱ ሲሮጥ እኔ ላፕቶፗን ከፈትኩ፤ እሱ ደግሞ የተከፈተውን ቴሌቪዥን ዘጋ። ቤቱ ሙሉ ሰው አንገቱን ወደ እኔ፣ ወደ እሱ፣ ወደ እኔ ያዞራል። እትዬ ዘሀራ ብቻ ፊታቸውን ወደ በሩ እንዳደረጉ፣ መዳፋቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ። ያንን የተዘረጋ መዳፍ ሳይ ሳቄ ጠፋ፤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝ።

«አባዬ የት ሄደ?» አሉ።

ሼህ ይማም ብድግ አሉ። ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው ራሳቸውን አዩ። «ይሄ ሰውዬ ምን እያለ ነው?»

«ምርቃቱን ነው ሼህ ይማም። ድምፁ ትንሽ…»

«የት ላይ ነው የተቋረጠው?»

ቤቱ ባንድ አፍ «‹ቤታችሁን እንግዳ አይራቀው› ላይ!» አለ።

ሽማግሌው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ብያለሁ፣ ምርቃት አይደገምም። ግን መሃል ላይ ተቆርጦም አይቀር! እጃችሁን ዘርጉ።»

ከዚያም ቀጠሉ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሼህ ይማም ዝም ብለው እጃቸውን ሲያወናጭፉ፣ እውነተኛው ከጎናቸው ቆመው ቤቱን በድምፃቸው ሞሉት። ገብሱን መረቁ፣ ከብቱን መረቁ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ጨርሰው ሙሽሮቹ መጨፈር ጀመሩ፤ እኚህኛው ግን ገና ናቸው። በሰርጉ ቀን ያልነበረም ተጨመረ። «ይቺን ልጄን፣ ልጇን እየዳረች ዓይን ፍለጋ የሄደችውን፣ ያ ረቢ ብርሃኗን አታጥፋባት። የልጇን ልጅ በዚሁ ዓይኗ አሳያት።»

እትዬ ዘሀራ ተነሥተው ዞሩ። ሐያት ደንግጣ «እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ!» ብላ ጮኸች።

«ሐኪሙ ‹ቴሌቪዥን እንዳታዪ› አለኝ እንጂ» አሉ እትዬ ዘሀራ፣ «‹አባትሽን እንዳታዪ› መች አለኝ!» መነጽራቸውን አውልቀው አባታቸውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። «አባዬ፣ እንዲህ ሸብተሃል እንዴ?» አሉና እያለቀሱ ሳቁ። ቤቱ ሁሉ አብሮ ሳቀ፣ አብሮም አለቀሰ፤ እኔም ሁለቱንም አደረግኩ።

እንባቸውን ሲጠርጉ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። መቼም ይህችን ቀርጸሃታል አይደል?»

ካሜራው ከቦርሳው አልወጣም ነበር። ሰይድን አየሁት፣ እሱም አየኝ። አራቱም መዳፎቻችን ገና ወደ ላይ እንደተዘረጉ ነበሩ።